የኋለኛው ሳይደርስ

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዝሆን የለም። አንበሳም የለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በጻፍኩት ግጥም ውስጥ ሁለቱንም እዚያ አቁሜያቸው ነበርና ነገሬን ከዚሁ ብጀምር ይሻላል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ብዕር ከጨበጥኩ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ብዕር ለጨበጠ ሰው ደግሞ አንድ ዝሆን ምን ይከብደዋል?

ማንበቡንስ ቀድሞም አውቀው ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ ዳዊት አስደግሞኛል። መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በኛ ሰፈር «ሴት ልጅ ጽሕፈት አውቃ ለማን ልትጽፍ ነው?» ይባላል። እኔ አባቴ መቃ ቀርጾ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን አያለሁ፤ እሱ ሲወጣ በከሰል ግድግዳው ላይ እሞክራለሁ። በመጨረሻ እናቴ «ይቺ ልጅ ቤቱን አጥቁራ ሳትጨርሰው ወረቀት ፈልጉላት!» ብላ ጮኸች። አጎቴ ከኮምቦልቻ ሱቅ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ይዞልኝ መጣ። ያንን ደብተር ታቅፌ በሰፈሩ ሳልፍ ለምን እንደማያጨበጭቡልኝ ይገርመኝ ነበር።

አንድ ሰው ግን አየኝ። ጎረቤታችን አስለቃሽ ናቸው። ልቅሶ ቤት መሀል ቆመው የሟቹን ነገር በስንኝ እያወረዱ ሰውን የሚያስለቅሱ ሴት ናቸው ማለቴ ነው። እኔ «እሜቴ» እላቸዋለሁ። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ሞቶ ሲለቀስለት እሳቸው ካልተጠሩ «ልቅሶው ጨው የለውም» ይባላል። ድምፃቸው የሻከረ ነው፤ ሳቃቸው ግን የልጅ ነው።

«ነይ እስቲ አንቺ ጸሐፊ» አሉኝ አንድ ቀን ከደጃቸው ሆነው። «ድሮ መቶ ስንኝ ብይዝ አንድ አይወድቅብኝም። አሁን ግማሹ ከቤቴ እስከ ልቅሶው ቤት መንገድ ላይ ይቀራል። አንቺ ጻፊልኝ፤ ጠዋት ታነቢልኛለሽ፤ እኔ እይዘዋለሁ።»

እሺ ለማለት እንኳ ጊዜ አልፈጀሁም።

ሐምሌ ነበር፤ ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ከታች ሰፈር አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሜቴ ቤት መጡ። ልጃቸው የአጋሰስ ነጂ ነበር፤ በቅሎ ጭኖ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ። መኪና በመንገዱ ከተለቀቀ ወዲህ እንኳ አልተወውም። ሚስት አግብቶ ኮምቦልቻ ከተቀመጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ዝናብ መታው፣ ውጋት ያዘው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። እናቱ የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው። አሁን በደሴ በእናቱ ግቢ ሊለቀስለት የኩታበር ዘመድ እንዲደርስ ተብሎ ለሁለተኛው ሳምንት እሁድ ተቀጥሯል።

«ልጄን ሳያሳዩኝ ቀበሩት» አሉ እናትየው። እንባቸው አልቆ ነበር፤ የቀረው ቁጣ ነው። «አምስት ቀን ሲማቅቅ ሚስቱ አንድ ሰው አልላከችብኝም። በዚያ ዝናብ ያስወጣችውም እሷ ናት፤ ‘ቶሎ ና፣ ቶሎ ና’ እያለች! እሁድ ልብሱን ይዛ ትመጣለች አሉ። ትምጣ። ግቢዬን ግን አትረግጥም፤ ከምንጣፌ አትቀመጥም። አንቺም ሁለት ስንኝ ጣል አድርጊባት። ልጄን ያስበላችኝን ሴት አገር ይወቃት።»

ልቅሶ ላይ የተጣለ ስንኝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። አይነሳም። በኛ ሰፈር አንዲት ሴት አለች፤ ባሏ ሲሞት ዓይኗ ደርቆ ታየ ተብሎ አንድ አስለቃሽ አንድ ስንኝ ጣለችባት። ሴትየዋ ዛሬ አርጅታለች። ውሃ ስትቀዳ አሁንም ልጆች ያንን ስንኝ እያሉባት ይሮጣሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አያውቁትም። በዚያ ላይ ባል የሞተባት ሴት በልቅሶ ቀን ቦታዋ ከአማቷ ጎን፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ነው። እዚያ ካልተቀመጠች፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርባታል። ይህች ልጅ ደግሞ፣ ኋላ እንዳየኋት፣ ከኔ ብትበልጥ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ነው።

እሜቴ ለእናትየው እሺም እምቢም አላሉም። «ስንኝ የምጥለው በማውቀው ነው» አሉ። «መጀመሪያ ልጅሽን ልወቀው።»

እናትየው እንደሄዱ እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ሰውየውን ማወቅ ምን ያስፈልጋል? ሙሾ ስሰማ ነው ያደግሁት! ጋሻ፣ ጦር፣ ጎራዴ፣ አንበሳ … ሁሉም በጆሮዬ አለ። ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ አሥራ ሁለት ስንኝ ጨርሼ እሜቴ ፊት ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

ዝሆን ያንበረከከ፥ አንበሳን የጣለ፥
እንደርሱ ያለ ጀግና፥ ወዴት አገር አለ?

ስል እሜቴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደስ አለኝ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጄ» አሉ ሲበቃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ዝሆኑን በምን ጫነው? በበቅሎ?»

«እሜቴ!»

«ሐረጎ ላይ ያለው ጦጣ ነው። እሱንም አላንበረከከው፤ ጦጣ ሲያልፍ ቆሞ የሚያሳልፍ ሰው ነበር አሉ። ይህ የሌላ ሰው ልብስ ነው። ለሞተ ሰው የሌላ ሰው ልብስ አይለበስለትም።»

አፈርኩ። ግን ደብተሬን አልዘጋሁም። በማግስቱ ከታች ሰፈር እስከ ገበያው ሰውየውን የሚያውቅ ሁሉ ጋ እየሄድኩ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ቁመቱ ረጅም ነበር። የበቅሎው ደወል ከሁሉም በቅሎ ደወል ይበልጣል፤ ጉረኛ ነበር የሚሉ አሉ። ሁለት ቅል ውሃ ይይዛል፤ ውሃ ጥም የማይችል ነበር የሚሉ አሉ። ከደጁ ረጅም መደብ ሠርቷል። ዳዊት አያውቅም፤ ዝማሬ ግን ይወዳል። ጋቢው በግራ በኩል የተጣፈ ነው። አራት ገጽ ሞላ! ይህን ሁሉ ለእሜቴ ሳነብላቸው እየተነፈስኩ ማረፍ ነበረብኝ።

እሜቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልሳቁም፤ ይህ ደግሞ ከሳቁ የባሰ ሆነብኝ።

«ጎበዝ። ዕቃውን ሁሉ አወጣሽልኝ» አሉ። «ቅሉ ይኸው፣ ደወሉ ይኸው፣ ጋቢው ይኸው። ሰውየውስ?»

ትንሽ አሰብኩና «ደግ ሰው ነበር» አልኩ።

«ደግ ያልነበረ ሟች አሳዪኝ! ሲሞት ሁሉም ደግ ነው። ‘ደግ ነበር’ ብዬ ብቆም ሰው ‘አሜን’ ብሎ ንፍሮውን ይበላል እንጂ አያለቅስም። እኔ የምልሽ እንዲህ ነው፤» አሉና ቀኝ እጃቸውን ጨበጥ አደረጉ፣ «ይህን ሁሉ አራት ገጽ ብጨምቀው፣ ከእጄ የሚቀረው አንድ ጭብጥ ነገር ምንድን ነው? እሱን ስጪኝ። ለዚህ ሰው ብቻ የሚሆን፤ ለሌላ ሟች ብሰጠው ልኩ የማይሆን።»

ማታ ራት ላይ ይህንን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ብዙ አይናገርም። «እሁድ እሁድ ገድል ሲነበብ ውለሽ ስትመጪ ምን ሰማሽ እልሻለሁ» አለ። «አንቺ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትደግሚልኛለሽ። ምን እንደተደረገ ትነግሪኛለሽ። የጠየቅሁሽ እሱን አልነበረም።» ከዚያ ጉርሻውን ጎረሰ። ስንት ዓመት ሲጠይቀኝ ኖሮ፣ ያን ቀን ብቻ ነው እንዳልመለስኩለት የገባኝ።

በሳምንቱ አጋማሽ እሜቴና እኔ ሚስትየውን ልንጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የወሰዱን ከሟቹ ጋር ስንት ዓመት አብረው የነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ሸህዬ» ይላቸዋል። እሜቴን በአንዷ በቅሎ ላይ አስቀመጧቸው፤ እኔ በእግሬ ነበርኩ። ጭጋጉ ወፍራም ስለነበር ከፊቴ ያለችውን በቅሎ ጅራት እንጂ ጆሮዋን አላይም። ሐረጎ ላይ አንድ መታጠፊያ ስንደርስ ሸህዬ ቆሙ። ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

«ይቺ የሱ ድንጋይ ናት፤ አላህ ይዘንለት» አሉ። «ወላሂ፣ እዚህ ሳይቀመጥ ያለፈበትን ቀን አላስታውስም። ሁላችንም እንቆማለን፤ እንሰድበዋለን። ‘አንተ ሰው፣ እግርህ ታሰረ?’ እንለዋለን። እሱ ቁጭ።»

«ምን አደርጋለሁ ይላል?» አሉ እሜቴ ከበቅሏቸው ላይ።

«ምን ይላል! ደረቅ ሳቅ ይስቅብናል እንጂ።»

እኔ ደብተሬን ከነጠላዬ ስር አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይወድ ነበር።» ዛሬ ያንን ገጽ ስገልጠው ፊቴ ይቀላል። ግን አልቀደድኩትም፤ እንዲታየኝ ትቼዋለሁ።

የሚስትየው ቤት ከቦርከና ወንዝ ብዙ አይርቅም። ደጁ ላይ ያ ረጅም መደብ አለ። ልጅቷ ከሲታ ናት፤ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ሕፃን አዝላለች። ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችን። እሜቴ «ስለ ባልሽ ንገሪኝ፤ እንደመጣልሽ» አሏት። እኔ ብዕሬን አዘጋጀሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም።

«ምን ልንገርዎ፣ እሜቴ?» አለች። «ይዘገይ ነበር። ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ትኩስ ነገር አልበላንም። ሌሎቹ ነጂዎች ሲገቡ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ ወጥ አወጣለሁ። እሱ የለም። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና አሞቃለሁ፤ እንደገና ይቀዘቅዛል። ‘ወጡ ቀዘቀዘ’ እያልኩ ከዚህ መደብ ላይ ስንት ቀን ተቀምጫለሁ! ሲመጣ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው አስከትሎ ነው።» ከዚያ ደነገጠችና እጄን ያዘች። «አትጻፊው! ሟች አይታማም። ደግ ነበር በዪ።»

«ያን ቀንስ?» አሉ እሜቴ በቀስታ።

የመለሱት ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሸህዬ ናቸው።

«ያን ቀን ከኋላችን አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች» አሉ። «የማናችንም አይደለችም፤ መንገደኛ ናት። ዝናቡ መጣ። እሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። እኔ … እኔ ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ‘አንተና ድንጋይህ!’ ብዬ ሰድቤው ወረድኩ።» መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አንድ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሱ። «ሴትዮዋን አድርሷታል። ወልዳለች አሉ። አልሐምዱሊላህ። እሱ ግን ልብሱ ከላዩ ሳይደርቅ ነው ቤቱ የገባው።»

«ሲታመም ሰው ልኬ እናቱን ላስጠራ ነበር» አለች ሚስትየው። «‘እናቴን በዚህ ዝናብ ቁልቁለት አታስወርዱብኝ፤ ሲሻለኝ እኔ እወጣለሁ’ አለ። ነገ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ስል …» ሕፃኑን ከጀርባዋ አዙራ አቀፈችው። «እናቱ አያስገቡኝም አሉ። አውቃለሁ። ልብሱን ከደጅ አስረክቤ እመለሳለሁ፤ ለነሱ ልቅሶ እኔ ምን ጠብ እፈጥራለሁ?»

ጻፍኩ። ሁሉንም ጻፍኩ። ግን አልገባኝም ነበር! አሁን ይህን ስታነቡ እናንተ ቀድማችሁኝ ሳይገባችሁ አይቀርም። እኔ ያኔ የተነገረኝን የምጽፍ ነበርኩ እንጂ የማነብ አልነበርኩም። አንዱን ነገር ስጽፍ ሌላው ይጠፋኛል፤ የድንጋዩ ነገር የድንጋይ፣ የወጡ ነገር የወጥ ሆኖ ይቀራል።

ዓርብ ዕለት የመጨረሻውን ልንጠይቅ እናትየው ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ሴቶች ለእሁድ ንፍሮ እህል ይለቅማሉ። እናትየው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። እሜቴ ከጎናቸው ተቀመጡና ስለ ሚስትየው አንድ ቃል ሳያነሱ «በልጅነቱ እንዴት ያለ ነበር?» አሏቸው።

የእናትየው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ አየሁት።

«ወይ እሱ! ፈተና ነበር እንጂ ልጅ ነበር እንዴ?» አሉ። «ምግብ ቀርቦ የእጅ ውሃ ሲመጣለት እጁን ወደኋላ ያደርጋል። አይታጠብም! ወንድሙ ካልመጣ አይታጠብም። ወንድሙ ሲመጣ ደግሞ የጎረቤቱን ልጅ ይላል። እኔ ‘ና ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!’ እያልኩ እጮኻለሁ። እሱ ደጅ ቆሞ መንገድ መንገዱን ነው የሚያይ። ስንት ቀን መትቼዋለሁ በዚህ! ወጡ ቀዘቀዘ፣ ወጡ ቀዘቀዘ … ጉሮሮዬ እስኪደርቅ …»

ብዕሬ ቆመ።

ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ። ገጹን ወደኋላ ገለጥኩ፤ ይኸው በራሴ እጅ ተጽፏል፤ እናትየው የጠሏት ምራት የተናገረችው፣ «አትጻፊው» ያለችኝ ቃል። እንደገና ገለጥኩ። ድንጋዩ። ሁለቱ ቅል … አንዱ ለማን ነበር? የደጁ መደብ፣ አምስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ሕፃን ጋር ብቻ ለሚኖሩበት ቤት! ከዚያ ደወሉ። ጉራ ያሉት ትልቁ ደወል። በሐረጎ ጭጋግ በቅሎዋን የማያይ ሰው ደወሏን ይሰማል። ከኋላ የቀረ ሰው «አሉ፣ አልሄዱም» ብሎ እንዲጽናና ነበር!

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሰው ልቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ ደስ ማለቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት። ግን እንዴት ልቻለው? አራት ገጽ ሙሉ ዕቃ ተነስቶ አንድ ሰው ሆነ፤ ቆሞም ወደኋላ ያያል። እናቱ ያሙት፣ ሚስቱ ያማችው፣ ጓደኞቹ የሰደቡት አንድ ነገር ነው። ጉድለቱን ሲነግሩኝ ነበር ሰውየውን የሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ተረት ስሰማም ሆነ ገድል ሲነበብልኝ ያንን አደርጋለሁ፤ ምን እንደተደረገ ብቻ አልይዝም። ሁለት ጊዜ የመጣው ነገር ምንድን ነው? ሦስት ጊዜስ? ማን ሊደብቀው ፈለገ? እያልኩ እጨብጣለሁ። አንዳንዴ ባዶ እጄን እገኛለሁ፤ ያን ጊዜ እንደገና አነባለሁ። አባቴ ምን ሰማሽ ሲለኝም አሁን አጭር ነው የምመልስለት። «ኧረ ጨምሪበት» ይለኛል እየሳቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንኞቼን ለእሜቴ አነበብኩላቸው። ጥቂት ነበሩ፤ ዝሆን አልነበረባቸውም። እሜቴ «እንደገና» አሉ፤ እንደገና አነበብኩ። «እንደገና።» ሦስተኛው ላይ በከንፈራቸው ተከተሉኝ። ይዘዋቸው እንደሆነ፣ ይወዷቸው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። «አንቺ ነገረኛ ልጅ» ብቻ ብለው ጭንቅላቴን መታ አደረጉኝ። እናትየው ለሚስትየው ያዘዙትን ስንኝ ምን እንዳደረጉት ልጠይቃቸው ፈራሁ።

እሁድ ግቢው ጢም አለ። ከኩታበር የመጡት በግራ፣ የደሴዎቹ በቀኝ ተቀመጡ። እናትየው መሀል ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ጎናቸው ባዶ ነው። ፀሐይዋ ከፍ እንዳለች ሚስትየው ሕፃኑን አዝላ፣ ልብሱንና ዕቃውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሸህዬን አስከትላ ከበሩ ደረሰች። ገባ አላለችም። ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ሴቶቹ አዩዋት፤ አንዷ ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። እናትየው እሜቴን አዩና አገጫቸውን ወደ በሩ ቀና አደረጉ፤ በያት ማለታቸው ነው።

እሜቴ ተነሱ። ወደ በሩ ሄደው ከልጅቷ እጅ ጥቅሉን ተቀበሉ። ልማዱ እንደዚያ ነው፤ የሟቹ ልብስና ዕቃ አንድ አንድ እየተነሳ ለሕዝቡ እየታየ ይለቀሳል። ጋቢውን አነሱ፤ ጅራፉን አነሱ፤ ሁሉም አለቀሰ። ከዚያ ደወሉን አነሱና አንድ ጊዜ መቱት። ድምፁ ትልቅ ነበር፤ ግቢው ጸጥ አለ። በሻካራ ድምፃቸው፣ የኔን ቃል፣ እኔ የጻፍኩትን፣

ወጡ ቀዘቀዘ፥ ብላ እናት ስትጠራህ፥
ወጡ ቀዘቀዘ፥ ብላ ሚስት ስትጠራህ፥
ሐረጎ ድንጋይ ላይ፥ ማን ነበር የቀረህ?

አሉ።

እናትየው ደረታቸውን ሊመቱ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

«ለአንቺም ይቀዘቅዝ ነበር?» አሏት፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል።

«አንድ ቀን ትኩስ አልበላሁም፣ እናቴ» አለች ልጅቷ። አሁን አለቀሰች።

«ያን ቀንስ? በዝናቡ ማንን ሲጠብቅ ነበር?»

«የማላውቃትን ሴት። ነፍሰ ጡር ነበረች። እርስዎንም እንዳላስጠራ የከለከለኝ እሱ ነው፤ በዝናብ አይውረዱ ብሎ።»

«እውነቷን ነው» አሉ ሸህዬ ከኋላዋ። «እኔ ጥዬው ስወርድ እሱ ቁጭ ብሎ ነበር። ወላሂ፣ እኔ ነኝ የተውኩት።»

እናትየው ሁለቱንም አዩ። ከዚያ አንድ ድምፅ አወጡ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከዛሬ አልለየሁትም። «ልጄ ነው!» አሉ። «ያው ነው! አልተለወጠም፤ ልጄ ነው!» ግቢው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈረሰ፤ የኩታበሩም የደሴውም። እሜቴም እንባቸው እየወረደ የመጨረሻዋን አወረዱ፦

የኋለኛው ሳይደርስ፥ እግርህ የማይነሳ፥
ዛሬ ማን ጠራህና፥ ቀደምከን አንተሳ?

የራሴ ስንኝ ሲያስለቅሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ረስቼ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ንፍሮ ቀረበ፤ ውሃ የምታስታጥብ ሴት ማንቆርቆሪያ ይዛ መጀመሪያ ወደ እናትየው መጣች። ሚስትየው አሁንም ከበሩ አጠገብ ናት፤ ተንበርክካ ጋቢውን ታጥፋለች፣ ደወሉን ትጠቀልላለች፤ ሕፃኑ ከጀርባዋ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ነይ ግቢ ያላት ሰው የለም። እናትየውም አላሏትም። ይቅርታም አልጠየቁም። ውሃው ሲመጣላቸው ብቻ ሁለት እጃቸውን ወደኋላቸው አደረጉ።

«ይታጠቡ እንጂ» አለች አስታጣቢዋ።

«ቆይ» አሉ እናትየው፤ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ጎናቸውን ለቀቁ። «አንዷ ቀርታለች።»

አስታጣቢዋ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። ሁላችንም ዘወር ብለን ወደ በሩ አየን። ልጅቷ ጋቢውን እስክታጥፍ፣ ሕፃኑን እስክታስተካክል፣ አቀርቅራ ግቢውን እስክታቋርጥ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ንፍሮው ቀዘቀዘ። ማንም አላማትም።